ማሟያዋ ፊደል

ይግዛው ጥላውን የማያምን ሰው ነው። ወንበር ላይ ከመቀመጡ በፊት በእጁ ነቅነቅ ያደርገዋል። ሻይ ሲመጣለት ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስቶ ያየዋል። ሰው ደህና አደርክ ሲለው በሆዱ «ይኼ ደግሞ ምን ፈልጎ ነው?» ይላል። እንዲህ ያለው ሰው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሌላውን ሰው ኑሮ ሲጽፍ ኖሯል። ሥራው የቀመር ጸሐፊነት ነው።

ጊዜው ሁለት ሺህ ሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው። በወረዳው ከተማ፣ ውሃና ድጎማ በሚያከፋፍለው የድልድል ቢሮ አጥር ሥር፣ ዘጠኝ ጸሐፊዎች ዘጠኝ ጃንጥላ ዘርግተው ይውላሉ። ድሮ በየፍርድ ቤቱ በር አቤቱታ ጸሐፊዎች ይቀመጡ ነበር አሉ፤ እነዚህ የእነሱ የልጅ ልጆች ናቸው በሉ። ልዩነቱ እነዚያ በቃል ይጽፉ ነበር። አሁን ቃል የሚባል ነገር በመስኮቱ አያልፍም። የኢኮኖሚ ምሁራኑ ቃል ያዛባል፣ ቃል ያጋንናል፣ ቃል ያለቅሳል ብለው ከወሰኑ ሠላሳ ዓመት አልፏል። ውሃ የጎደለበት፣ በሬ የሞተበት፣ ማሳው የተናደበት ሁሉ ጉዳዩን በቀመር አስጽፎ ነው የሚያስገባው።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሰልፉ ይጀምራል። አንዲት እናት ቁጭ ትልና ላሟ እንደሞተችባት ትነግረዋለች። ይግዛው አንገቱን እየነቀነቀ ይሰማና መጠየቅ ይጀምራል። ስንት ዓመቷ ነበር? በቀን ስንት ኩባያ ትታለብ ነበር? ከሞተች ወዲህ እህል አልበላ ያለሽ ስንት ቀን ነው? ሐዘን በሦስተኛው ቀን ግማሽ፣ በሰባተኛው ቀን ሩብ ይሆናል የሚል ሠንጠረዥ ከቢሮው ወጥቷል። ሴትዮዋ አሁንም ትዝ ስትለኝ ያስለቅሰኛል ካለች፣ እሱ አይገባም እናቴ ይላታል። እሷም ለምዳዋለች። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግና በቃ ሩብ ብለህ ጻፈው ትለዋለች።

መስኮቱ ላይ ሰው የለም። ወረቀት የሚበላ ማሽን ነው ያለው። በቀመሩ ግራ በኩል ቤተሰቡ የሚያገኘው፣ በቀኙ ለመኖር የሚያስፈልገው ይጻፋል። ግራና ቀኙ እኩል ከመጣ አረንጓዴ መብራት ይበራል፤ ካልመጣ ማሽኑ ወረቀቱን መልሶ ይተፋዋል። እንግዲህ የሰው ኑሮ መቼ እኩል መጥቶ ያውቃል! የሚያገኘው አራት፣ የሚያስፈልገው ሰባት ይሆንና ሰውየው ግን ይኸው ፊት ለፊትህ ቆሞ ያወራሃል። ሦስቱን ከየት አምጥቶ ኖረ ብትለው እሱም አያውቀው።

ይግዛው ሥራ በጀመረ በዓመቱ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ወረቀቷ ሦስት ጊዜ ተተፍቶባት ተመለሰች። አንጀቱን በላችው። በአራተኛው ላይ በግራ በኩል፣ መጨረሻው ላይ፣ አንዲት ፊደል ጨመረና ዋጋዋን ልክ የጎደለውን ያህል አደረገው። ፊደሏ ዠ ናት። እሷን የመረጠው በየትኛውም ቀመር ውስጥ አይቷት ስለማያውቅ ነው፤ ከፊደል ገበታው ላይ ሥራ ፈትታ የተቀመጠች መስላ ታየችው። ማሽኑ አረንጓዴ አበራ። ሴትየዋ እጁን ልትስም ደረሰች።

በወሩ ስምንቱም ጸሐፊዎች ተማሯት፤ ማሟያ ብለውም ስም አወጡላት። በሁለት ዓመት ውስጥ በአገሩ ካለ የድልድል ቢሮ በር ላይ ማሟያ የማይጻፍበት ጃንጥላ አልነበረም። አዲስ ጸሐፊ ሲገባ መጀመሪያ የሚያስጠኑት እሷን ነው። ምን ማለት ናት ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ምንም ማለት አልነበረችማ።

የይግዛው ታላቅ እህት አንጓች ዝግባ ሥር በምትባል መንደር ትኖራለች፤ ከከተማው በእግር ሁለት ሰዓት ታስኬዳለች። መንደሩ የሚኖረው በመስኖ ሽንኩርት ነው። የአንጓች ባል አያ ቢያድግልኝ ቀመሩ ሳይመጣ የውሃ አባት ነበሩ። የውሃ አባት ማለት ቦዩን ተከትሎ እየሄደ፣ የዛሬው ተራ የእገሌ ነው እያለ ውሃ የሚያደላድል ሽማግሌ ነው። የታመመ ካለ ያስቀድሙታል፤ የተኳረፉ ካሉ እዚያው ቦዩ ዳር ያስታርቋቸዋል። ምሁራኑ ይህን አሠራር ከሩቅ አጠኑትና በቁጥር አይገለጽም አሉ። አያ ቢያድግልኝ እንደ ዋዛ ከቤት ዋሉ፤ በቦዩ ራስ ላይ የብረት በር ተገጠመ፣ ከበሩም በላይ አንድ ካሜራ ተተከለ።

መጀመሪያ ላይ ዝግባ ሥር በሳምንት ስድስት ሰዓት ውሃ ይለቀቅላት ነበር። ከዚያ አምስት ሆነ፤ ከዚያ አራት። ዘንድሮ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን አንጓች በፌስታል የደረቀ ችግኝ ይዛ መጣችና የወንድሟ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈችው። ይኸን ጻፈው አለችው። ይግዛው ጻፈ። ጉድለቱ ከመቼውም የበለጠ ስለነበር በዕድሜው ጽፎ የማያውቃትን ትልቅ ዠ አስገባ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት የዝግባ ሥር ውሃ ወደ አንድ ሰዓት ከሩብ ወረደ።

ይግዛው ያን ጊዜ «አንድ ሌባ አለ» አለ። መጀመሪያ የጠረጠረው ንብረትን ነው። ንብረት ጃንጥላውን ከጎኑ የሚዘረጋ ባልንጀራው ሲሆን አማቶቹ ከዝግባ ሥር በታች፣ ታች ሰፈር የሚባል መንደር ይኖራሉ። አንዱ ውሃ ሲያጣ ሌላው ይጠጣል ብሎ አሰበ። እሑድ ጠዋት ለማንም ሳይናገር ቦዩን ይዞ ቁልቁል ወረደ። ታች ሰፈር ሲደርስ የንብረት አማት ቢጫ ጀሪካን አዝለው፣ ወገባቸው ጎብጦ፣ ከወንዝ ሲመለሱ አገኛቸው። የእነሱም ውሃ ወደ አንድ ሰዓት ወርዷል። ይግዛው አፈረ። ቢሆንም ጥርጣሬው አልለቀቀውም፤ ከዚያ በታች ያለው የአበባ እርሻ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። የአበባ እርሻው የራሱ ተቀጣሪ ምሁር ስላለው ከጃንጥላ ሥር ተቀምጦ አያውቅም። በቃ፣ ጉቦ ነው አለ ይግዛው።

ማንኛውም ሰው ውሃው የተቀነሰበትን ምክንያት የመጠየቅ መብት አለው። የሚጠይቅ ግን የለም፤ ምክንያቱ የሚመጣው በአሥራ አንድ ገጽ ቀመር ነው። ይግዛው ጠየቀ። ወረቀቱን ጃንጥላው ሥር ዘርግቶ፣ መነጽሩን አፍንጫው ላይ አድርጎ፣ የጉቦኛውን ፈለግ እየፈለገ መስመር በመስመር ወረደ። ዘጠነኛው ገጽ ላይ ቆመ። እዚያ ላይ ዠ ተቀምጣለች። ከሥሯም ትርጉሟ ተጽፏል፦ የመቻል አቅም፤ ነዋሪው ከሚያገኘው በላይ የሚኖርበት ልዩ ችሎታ። ቀጥሎ ዝግባ ሥር ከወረዳው ከፍተኛው ዠ የተመዘገበባት መንደር ስለሆነች የሚያስፈልጋት ውሃ ዝቅተኛ ነው ይላል። የአበባ እርሻው ዠ ዜሮ ነው። ምስኪን፣ ምንም መቻል አይችልም ማለት ነው።

ሰውን ሁሉ ሲጠረጥር የኖረ ሰው የገዛ እጁን ጠርጥሮ አያውቅም ነበር። ንብረት ምን ሆነሃል ቢለው ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

በማግስቱ እህቱን ይዞ በአውቶቡስ ዩኒቨርሲቲው ወዳለበት ከተማ ሄደ። አንጓችን የወሰዳት ሰው ዓይኗን ካየ፣ እጇን ካየ ይገባዋል ብሎ ነው። ዘበኛው ግን ቀመር ያልያዘች ሴት አትገባም አለ። በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፣ ፌስታሏን ጭኗ ላይ አድርጋ።

የኢኮኖሚ ትምህርት ክፍሉ አራተኛው ፎቅ ላይ ነው። ኮሪደሩ ላይ ከነሐስ የተሠራች ትልቅ ዠ ግድግዳው ላይ ተሰቅላለች፤ ሥሯ በእሷ ላይ የተጻፉ የአሥራ አራት ዶክትሬቶች ዝርዝር አለ። ይግዛው ጎንበስ ብሎ የጻፏቸውን ሰዎች ስም አነበበ፤ የራሱን ስም የሚፈልግ ይመስል። እዚህ የሚማር ሁሉ ትምህርቱን እስኪጨርስ ገበያ ላይሄድ፣ እርሻም ላይረግጥ ይፈርማል። ዓይን አእምሮን ያዛባል ይባላል።

የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ኖላዊት ይግዛው እንደጠበቃት አልሆነችም። ተነስታ ተቀበለችው፤ ወንበር ሰጠችው፤ ሻይ አስመጣችለት። ይግዛው ወንበሩን ነቅነቅ አደረገና ተቀመጠ። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አነሳና አየው። ከዚያ የመጣበትን ነገር ተናገረ።

«ዶክተር፣ ዠ የለችም። እኔ ነኝ የፈጠርኳት።»

ዝናቡን እኔ ነኝ ያዘነብኩት እንዳለ ሰው አየችው፤ በትሕትና።

«ጋሼ፣ ሁለት መቶ ሺህ አቤቱታ አለኝ። በሁለት መቶ ሺሁም ላይ ቀመሩ አንዲት ነጥብ ሳትጎድል ይገጥማል። በዚህ አገር እንደ ዠ በትክክል የተለካ ነገር የለም።»

«የሚገጥመው እንዲገጥም አድርገን ስለጻፍነው ነዋ።»

እርሳሷን አስቀመጠች። ለትንሽ ጊዜ ፊቷ ላይ አንድ ነገር ሲያልፍ ይግዛው አየ፤ ፍርሃት ይሁን ድካም አልለየውም። ከዚያ ማስረጃ እንዳለው ጠየቀችው። ማስረጃው እኔ ነኝ አላት፤ እንዴት እንደጻፍኳት፣ መቼ፣ ለየትኛዋ ሴት፣ ሁሉንም እነግርዎታለሁ አለ። ዶክተር ኖላዊት ራሷን ነቀነቀች። ቃል ማስረጃ አይሆንም፤ በቀመር ጽፈው ያምጡልኝ አለችው።

ይግዛው ኮሪደሩ ላይ ነሐሷ ዠ ሥር ተቀምጦ ጻፈ። የእህቱን ቤት ነው የጻፈው፤ ውሃውን፣ ሽንኩርቱን፣ ያለፉትን ዓመታት ሁሉ። በግራ ሦስት መጣ፣ በቀኝ ስምንት። ማሟያውን ሳያስገባ፣ ቁስሉን እንዳፈጠጠ ይዞላት ገባ። ዶክተር ኖላዊት ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አየችው። እውነቱን ለመናገር ሥራዋን ትወዳለች፤ ዓይኗ በራ።

«በጣም ደስ የሚል ውጤት ነው። ግን ትርጉሙ ገብቶዎታል? በዚህ መሠረት ይህች ሴት ከሰባት ዓመት በፊት ሞታለች።»

«በራችሁ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። መስኮቱን ከፍተው ይዩዋት።»

መስኮቱ ከጀርባዋ ነበር። እጇ ወደ መጋረጃው ሲሄድ ይግዛው አየ፤ መጋረጃውን ነካችው። ከዚያ እጇን ሰብስባ ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች።

«አንድ ሰው ናሙና አይሆንም፣ ጋሼ» አለች።

ሲወጣ ወረቀቱን እንዲተውላት ለመነችው። ይግዛው ለምን ፈለገችው ብሎ ጠረጠረ፤ ጠርጥሮም ተወላት። ያን ቀን ከሠራው ሁሉ ስሕተቱ ይህ ነበር።

ከዚያ በኋላ ማሟያ አልጽፍም አለ። ስምንቱን ጸሐፊዎች ሰብስቦ ነገሩን አስረዳ። አንዳንዱ ሳቀበት፣ አንዳንዱ ሊያስርበን ነው ወይ ብሎ ተቆጣ። ንብረት ብቻ እስከ መጨረሻው ሰማውና፣ ገብቶኛል፣ ግን ካልሞላ ማሽኑ አይበላም፤ ለመጣው ሰው ምን ልበለው አለ። ሰልፉ ከሱ ጃንጥላ ሸሽቶ ወደ ሌሎቹ ዞረ። የቀሩት የዝግባ ሥር ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ እነሱም እህቱ አስገድዳቸው ነው። የአርባ አንዱንም ቤት ቀመር ያለ ማሟያ፣ ጉድለቱን እንዳለ ጽፎ ጨረሰ። ማሽኑ ሲተፋቸው አርባ አንዱንም አንድ ላይ ይዞ ወረዳው ፊት ሊቆም ነበር ሐሳቡ።

ማሽኑ አልተፋቸውም። አንድ በአንድ ዋጣቸውና አርባ አንድ ጊዜ አረንጓዴ አበራ።

ሰዎቹ ተደሰቱ። ይግዛው ግን አላመነም። በሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም። ሦስት ቀን ሙሉ እንቅልፍ የነሳው ይኸው ነበር፤ በአራተኛው ቀን መልሱ መጣ። ወረቀቱን ይዞ በእግሩ ወደ ዝግባ ሥር ወጣ። የመንደሩ ሰው ዛፉ ሥር ተሰብስቦ ጠበቀው። አንጓች ፊቱን አይታ ተቀመጥ እንኳ አላለችውም።

«ምን ይላል?» አለችው።

ለሌላ ሰው ቢሆን ጉዳዩ እየታየ ነው ይል ነበር። ጸሐፊ ሁሉ እንደዚያ ይላል። ይግዛው ግን ያን ቀን በቃል ተናገረ።

«የላችሁም ይላል፣ እታለም። ቀመሩ እኩል ያልመጣና ዠም ያልተጻፈበት ቤት ነዋሪ የሌለበት ቤት ነው የሚል አዲስ ደንብ ወጥቷል። ያን ወረቀት ለዶክተሯ የተውኩት እኔ ነኝ። ከሰባት ዓመት በፊት ሞታችኋል። አርባ አንዱም ቤት ከመዝገብ ወጥቷል፤ ለሌለ ሰው ደግሞ ውሃ አይለቀቅም።»

አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት እኔ ከወለድኩ ገና ሁለት ወሬ ነው አለች፤ ለሌላ ሰው ሳይሆን ለራሷ የምትናገር መሰለች። ይግዛው አንገቱን ደፍቶ ቆመ።

ከዛፉ ግንድ ሥር የተቀመጡት አያ ቢያድግልኝ ቀና አሉ። ያ በቦዩ በር ላይ ያለው ካሜራ የሚያየው ማንን ነው ብለው ጠየቁ። ይግዛው በመዝገብ ያለውን ሰው ነው አላቸው፤ የተመዘገበ ሰው በሩን ከነካ ስሙ ወዲያው ቢሮ ይደርሳል፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ፖሊስ ይመጣል። ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሱ።

«እንግዲያ የሌለ ሰው ቢከፍተው ማን ከፈተው ይባላል?»

ሲገባው ይግዛው ሳቅ አመለጠው። ከዚያ ፈራ። ደንቡን ያወጡት ይህን ሳያስቡ ነው ወይስ ወጥመድ ነው ብሎ ማሰብ ጀመረ። ለማሰብ ግን ጊዜ አልሰጡትም፤ መንደሩ በሙሉ እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይ አናት ላይ ሆና፣ ወደ ቦዩ ራስ ወጣ። አካፋ የያዘ ነበር፣ ዶማ የያዘ ነበር፣ ባዶ እጁንም የወጣ ነበር። ይግዛውም ተከተለ። በሩ ጋ ሊደርሱ ሲቃረቡ አንጓች ዘወር ብላ እጇን ደረቱ ላይ አደረገች።

«አንተ እዚያው ቁም» አለችው። «አንተ አለህ።»

ግራር ሥር ቀረ። ከዚያ ሆኖ አየ። አሥር ሰዎች መዘውሩን ይዘው ዞሩ፤ የዛገው ብረት ጮኸ። ካሜራው ወደ ቀኝ ዞረ፣ ወደ ግራ ዞረ፣ ፊታቸው ላይ ቆመ። ቀይ መብራቱ አልበራም። ከፊቱ አርባ አንድ ቤት ሰው እየተጋፋ፣ እየተሳሳቀ፣ ላቡን እየጠረገ፣ ካሜራው ግን ማንንም አላየም። ውሃው ወጣ። አያ ቢያድግልኝ ከዳር ቆመው፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት በነበረው ድምፃቸው፣ የመጀመሪያው ተራ የአራሷ ነው ብለው ተጣሩ። ይግዛው እንባው መጣ፤ ማንም እንዳያየው ግራሩን አቅፎ ቆመ።

በጥር ወር ንብረት፣ እህቱ ዘንድ የከረመውን ይግዛውን ፈልጎ፣ ዝግባ ሥር ድረስ መጣ። ሽንኩርቱ ተስፋፍቶ ጠበቀው። ወሬ ይዞ ነበር፦ ዩኒቨርሲቲው በቦዩ ላይ ምክንያቱ የማይታወቅ ትነት አገኘ፤ ጰ የምትባል ፊደል ሰጥቶታል፤ ሦስት ተማሪዎች ዶክትሬታቸውን ጀምረውበታል። አንጓች ስንት ነው የተነነው ብላ ጠየቀችው።

«በሳምንት ስድስት ሰዓት። ከደቂቃ ዝንፍ አይልም ይላሉ።»

«እሰይ» አለች አንጓች። «ገና አሁን በትክክል ለኩን።»

ይግዛው አልሳቀም። ይህን ሁሉ መንገድ ለዚህ ወሬ ብሎ እንዳልመጣ ከንብረት ፊት አንብቧል። ዓይኑን ተክሎበት ጠበቀ። ንብረት ዶማ ላይ ተደግፎ እግሩን አየ፣ ቦዩን አየ፤ በመጨረሻ የታች ሰፈርን ቀመር ያለ ማሟያ እንድትጽፍልኝ ነው አለ። አማቴ ናቸው የላኩኝ፣ ከመዝገብ ይሰርዘን ብለዋል አለ። ራሱ እንዳይጽፈው እጁ እንደለመደው ማሟያዋን ያስገባብኛል ብሎ ፈርቷል።

ይግዛው ባልንጀራውን ከእግር እስከ ራሱ አየው። ማን ልኮት ይሆን ብሎ አሰበ፤ ዘበኛውን፣ ዶክተሯን፣ የአበባ እርሻውን አንድ በአንድ በልቡ አለፋቸው። ከዚያ ድንጋዩን በእጁ ነቅነቅ አድርጎ ተቀመጠ፣ ከኪሱ እርሳስ አወጣ።

«ስንት ቤት ናቸው?» አለው።